ምላጭ የማይገባበት መዝገብ

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፦

እንደምን ሰነበትሽ? ያ እንቅልፍ የነሳሽ ጥርስ ተነቀለ ወይስ ታረቃችሁ? እኔ ከጉልበቴና ከጭንቅላቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴ የቆየ ነው፤ ጭንቅላቴን ያዞረው ግን የአንቺው የኮምፒውተር ሙያ ነው።

መሥሪያ ቤታችን የልደት መዝገቡን ወደ ብሎክቼይን ሊያስገባ ነው ተብሎ ሦስት ቀን አሠለጠኑን። አሠልጣኟ አንቺን የምታክል ልጅ ናት። ከክሪፕቶ ገንዘብ ጀመረች፤ ሳንቲሙ አይጨበጥም፣ ያለው መዝገቡ ብቻ ነው አለችን። እንዲያ ከሆነማ በወር መጨረሻ የእኔም ኪስ ክሪፕቶ ነው አልኳት። አልሳቀችም።

የመዝገቡ ኃላፊ ማነው ስላት፣ የለም አለች። ቢሮውስ? ሺህ ቦታ፣ በየኮምፒውተሩ። የማኅደር ክፍሉ ሽማግሌ፣ ታዲያ ኮምፒውተሮቹ ሲያጠፉ ማን ይቆጣቸዋል ብሎ ጠየቀ። ማንም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቅጂ ይዘው እርስ በርስ ይተያያሉ አለችው። እሱም፣ ጎረቤት በይው እንጂ ልጄ፣ ምን ታደክሚናለሽ አላት። የገባው እሱ ብቻ ይመስለኛል።

እኔ የያዝኩት ይህን ነው፤ ከተሳሳትኩ አርሚኝ። ብሎክ ማለት ገጽ ነው። እያንዳንዱ ገጽ፣ ከእሱ በፊት ከተጻፈው ገጽ የተሰላ ቁጥር ግንባሩ ላይ ይዞ ይወለዳል። የድሮውን ገጽ አንዲት ፊደል ብትነኪ ቁጥሩ አልገጥም ይላል፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ያሳብቁብሻል። ስህተት ቢገኝ አይፋቅም። ከሥሩ አዲስ መስመር ይጨመራል፤ አሮጌውም እዚያው ይታያል።

ውሸት ቢገባበትስ ብዬ ጠየቅኋት። እሱንም በታማኝነት ይጠብቀዋል አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ያለችውን አልሰማሁም።

እኛ የድሮ መዝጋቢዎች ምላጭ ነበረን። ቀለሙን በቀስታ ፍቀን፣ ወረቀቱን በጥፍራችን እናለሰልሰዋለን፤ አለዚያ አዲሱ ቀለም ይፈሳል። በሠላሳ አራት ዓመት ብዙ ስህተት ፍቄአለሁ። ስህተት ሳይሆን የፋቅሁት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ገጽ መቶ አሥራ አራት፣ ያንቺ ልደት። በዚያ ሳምንት ባለቤቴን ቀብሬ ነበር። እናትሽ ደግሞ ስምንት ዓመት ሙሉ ልጅ ስትለምን ኖራለች።

ትናንት ገጹን በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። ከወላጆችሽ ስም ሥር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስሞች ጥላ አሁንም አለ። አንዱን መቃብር ድንጋይ ላይ አስቀርጬዋለሁ። ሌላውን እጄ በደንብ ያውቀዋል፤ በየገጹ ግርጌ፣ «መዝጋቢ» ከሚለው ቀጥሎ እጽፈዋለሁ።

ሰኞ ገጹ ይገባል። እንዳለ ይግባ ወይስ መስመር ይጨመርበት? ለእናትሽ ደወልኩ። አንተው ፋቅከው፣ እኔን ምን ታደርገኛለህ፣ ልጅቷን ጠይቃት አለችኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ያጎረሰችሽ እሷ ናት። የቱ መስመር እውነት እንደሆነ፣ እውነቴን ነው፣ ግራ ገብቶኛል።

ጤናና የጠገበ እንቅልፍ ይስጥሽ። የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። ብትቆጪም መልስ አትንፈጊኝ።

አጎትሽ

ይህችን የመጨረሻ ቃል ልፍቃት ምላጩን አንስቼ ነበር። ተውኩት። በአዲሱ ደንብ መሠረት ከሥሯ አንድ መስመር ባዶ ትቻለሁ፤ አንቺ ሙዪው።

_______________