ከመልእክቱ የቀደመ ፉከራ

ለውድ እሜቴ የዓለምዘርፍ፣

ይህን ወረቀት እኔ እንዳላማው በገዛ እጄ ጻፍኩት፤ ደብተራ አልለመንኩም። በማታ ትምህርት ቤት ከአምስት ሽማግሌዎች አንደኛ ወጥቻለሁ። ሁለቱ ዓይናቸው አያይም፤ ያ የኔ ጥፋት አይደለም።

የኔ ጥፋት ሌላ ነው። በጣሊያን ጊዜ ከሮብ ገበያ በላይ ፈረሰኞቹ ካለቁ ወዲህ፣ ሰው ሁሉ «ግራዝማች ሙላት ትእዛዝ ጥሶ አሥራ ሰባት ሰው አስጨረሰ» ይላል። እርስዎም ከሟቾቹ ሚስቶች ጋር በአንድ ደጀ ሰላም መቆም ቢከብድዎ ዲማ ገዳም ገብተው ቀሩ። ባለቤትዎ ትእዛዝ አልጣሱም፣ እሜቴ። ትእዛዙን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

አለቃችን ቀኛዝማች አስማማው የላኩኝ «ጣሊያን ከካቡ ጀርባ መትረየስ ጠምዷል፤ እግረኛው ዞሮ እስኪደርስ ፈረስ እንዳይንቀሳቀስ በል» ብለው ነው። እኔ ግን ያን ሁሉ ፈረሰኛ ተሰልፎ ሳይ አፌን በላኝ። መልእክቴን ሳልናገር «ዘራፍ!» ብዬ ፉከራውን ለቀቅሁት። ከአለቃ የተላከ ሰው ሲፎክር ምን ይመስላል? «ግባ» የተባለ ይመስላል። ጎበዙ ፈረሱን ቁልቁል ለቀቀው።

ግራዝማች ብቻ ልጓም ያዙ።

«አንተ፣ ምን ተብለህ መጣህ?»

«ቆዩ ተብለዋል፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን ያስፎክርሃል፣ አንተ ቀባጣሪ!»

መትረየሱ መንጣጣት ጀመረ። ግራዝማች አልመቱኝም። «እመልሳቸዋለሁ» ብለው ዳማ ፈረሳቸውን ኮለኮሉት። እኔ ጉረኛ ነኝ፤ በፈረስ ግን ከሳቸው ጋር ስሜን አላነሳም! ሁሉንም ቀድመው ፊታቸው ተገተሩ። ጀርባቸውን ለመትረየስ ሰጥተው፣ ጋሻቸውን ከፍ አድርገው «ተመለሱ!» ይላሉ። ስምንት ሰው መለሱ። ዘጠነኛውን ሲጠሩ ወደቁ።

ማታ ቀኛዝማች «እንዳይንቀሳቀሱ በል አላልኩህም?» ሲሉኝ «ብያለሁ» አልኳቸው። ቃሉ ውሸት አልነበረም። ግን ያልኩት ፈረሶቹ ከሄዱ በኋላ ነው፤ ይህን ዋጥኩት። ሃያ ሁለት ዓመት በየጠላ ቤቱ ሳስቅ ኖርኩ፤ የእርስዎ ባል ስም በኔ ፈንታ ተሰደበ።

በመጪው ጊዮርጊስ ከቅዳሴ በኋላ፣ በዚያው በሸሹት ደጀ ሰላም፣ ባልቴቶቹና የተመለሱት ፊት ቆሜ ይህንኑ አነበዋለሁ። ይምጡ። ከወደዱም ይርገሙኝ። ገና ፊደል በፊደል ነው የማነበው፤ ስለዚህ አንዲት ቃል አታመልጣቸውም።

ጥፋተኛው እንዳላማው ያለው