ለተንበረከከ ብቻ የሚታይ በር

ለወንድሜ፣

ከዚህ በፊት «ወንድም ጋሼ» ብዬ ነበር የምጀምረው። ጋሼውን አንስቼዋለሁ። እንዴት ሰነበትክ? የምጠይቅህ አባባ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጻፍም ብለው ስላሳደጉን እንጂ ናፍቀኸኝ አይደለም። እኔ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። አባባም ሰላም በይልኝ ብለውኛል።

ሠርተህ በመጽሐፍ ያሳተምከው የምርመራ ጨዋታ ደርሶኛል። ሆቴላችን እንግዳ ባጣበት አንድ ከሰዓት፣ አስጎብኚው ቢተውና ሁለት የሥራ ጓደኞቹ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ከበቡ፤ እኔ እንደ መመሪያህ ተራኪ ሆንኩ። እነሱ የመርማሪዎቹን ገጸ ባሕርይ ያዙ፣ ዕድል የሚለይበትን ዳይስ ወረወሩ፤ እኔ ከመጽሐፍህ እያነበብኩ ምስጢሩን ቀስ በቀስ ገለጥኩላቸው። አንድ የቅርስ ነጋዴ ገደል ሥር ሞቶ ይገኛል፤ ገዳዩም የተደበቀው ዕቃም መገኘት አለባቸው። ጎበዝ ነህ፣ አልክድህም። ስንስቅና ስንከራከር ዋልን።

ፍንጮቹ ግን ጨዋታውን አበላሹብኝ። የደረቀ ወይራ። ውሃ የሚያንጠባጥብ ዐለት። በየማለዳው እዚያው ዐለት ሥር የሚሰግዱ ሽማግሌ። መልሱ ደግሞ፣ ዕቃው የተደበቀበት ዋሻ በር ቆሞ ላየው ድንጋይ ነው፤ የሚታየው ለተንበረከከ ብቻ ነው። ቢተው ዳይሱን አስቀመጠና ይሄ የእናንተ ገደል አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

የደብራችንን ስም ቀየርክ፣ የአባባን ስም ቀየርክ፣ ገደሉን እንዳለ ተውከው! በጦርነቱ ጊዜ የደብሩ የብር መስቀልና የብራና ወንጌል የት እንደገቡ የምታውቁት አባባና አንተ ብቻ ነበራችሁ። የዋሻውን ድንጋይ ከአባባ ጋር ስላነሣህ፣ ምስጢሩን ላታወጣ ምለህ ነበር። እኔ በሴትነቴ አልተነገረኝም። አባባ እዚያ የሚሰግዱት ለጽድቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ዘብ ቆመው ኖሯል። የአባቴን ምስጢር የሰማሁት ሆቴል በረንዳ ላይ፣ ራሴ ለሰው ሳነበው ነው። ምን ያህል እንዳንገበገበኝ አንተ አይገባህም።

ቢተው አፉን ዘግቷል፤ የአገር ልጅ ነው። መጽሐፍህ ግን አዲስ አበባ ካፌ ለካፌ እየዞረ ነው። በቅርቡ ሁለት ወጣቶች ባጃጃቸውን መንገድ ዳር አቁመው መጡ። ገደሉ ሥር ይንበረከካሉ፣ ይነሣሉ፣ ፈንጠር ብለው ደግሞ ይንበረከካሉ። አባባ ለስግደት የመጡ መስሏቸው መስቀላቸውን ይዘው ሄደው አሳለሟቸው። ልጆቹ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ነበር። በአንደኛው እጅ ያንተን መጽሐፍ አየሁ።

ለአባባ መንገር ግድ ሆነብኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። እንዲረግሙህ ፈልጌ ነበር፤ አልረገሙህም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ በጨዋታው ውስጥ እሳቸው ምን ሆነው እንዳሉ። ነፍሰ ገዳዩ እርስዎ ነዎት ልበላቸው? እንግዳ የሚቀበሉ ደግ ሰው ነዎት አልኳቸው። ልጄ አልረሳኝም ብለው ፊታቸው በራ። አባቴን እንድዋሽ ያደረግከኝን ይቅር አልልህም።

በቅዳሜ ገበያ፣ ሰው ሁሉ ከተማ ሲወጣ፣ ዕቃውን አዛወርነው። አባባ ዕቃውን ያዙ፣ እኔ አባባን ያዝኩ። መንበርከክ ከብዷቸዋል፤ ሐኪሙም ስግደት ከልክሏቸዋል። ያኔ በሴትነቴ ያልነገሩኝ ሰው፣ ዕቃው ቦታውን ከያዘ በኋላ ራሳቸው አስማሉኝ። አዲሱን ቦታ ከእሳቸውና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

መጽሐፍህን ከየካፌው ሰብስብ። ካልሰበሰብክ ለገና እንዳትመጣ። አባባ ደጅ ወጥተው ይቀበሉሃል፤ እኔ ግን ዓይንህን ማየት አልፈልግም።

ልጆች ሳለን እንቆቅልሽ ስትሠራልኝ፣ ለአንድ ምስጢር ሦስት ፍንጭ ይተዋል ትለኝ ነበር፤ አንዱን ሳያዩት ያልፋሉ፣ አንዱን ይስቱታል፣ በሦስተኛው ይደርሱበታል። እኔ ላንተ አንድም አልተውልህም። መንደሩ ግን ይቺ የሆቴል ልጅ ምን ነክቷት ነው በየማለዳው የምትሰግደው እያለ ያማኛል። ይማኝ።

እግዚአብሔር ልቡና ይስጥህ፤ ከክፉ ሰውም፣ ከገዛ እጅህም ይጠብቅህ። አባባ የላኩልህን ምርቃት ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም፤ እሳቸው የመረቁህን እንዳለ ተቀበል።

እህትህ