ሙልሙል አምጥተው እህቴን ሊወስዱ

ሐምሌ 26

ዛሬም ሽሮ። ትናንትም ሽሮ። ነገ... እስቲ ገምት።

እህቴ ልዕልት ማንኪያዋን ወረወረች። "አልበላም! ይሄ ትናንት የበላነው ነው።"

"የትናንቱማ ሆድሽ ውስጥ ነው። ይሄ ወንድሙ ነው" አልኳት።

አሰበች። "ወንድሙን ይፈልጋል?"

"እንዴታ! ብቻውን ነው ያደረው።"

በላች። አምስት ዓመቷ ነው፣ ገና ይሠራባታል። ወንድሜ ሐብተ ማርያም ላይ ግን መሥራት ካቆመ ቆየ። ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት ጠበቃ ሆኗል፣ ለሁሉም ነገር ማስረጃ ይጠይቃል።

ማድ ቤቱ በር ላይ ሽንኩርት ስከትፍ ጎረቤታችን አያ በላቸው ከአጥሩ በላይ ብቅ አሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው አጥር መደገፍ ነው።

"ምነው ስማቸው፣ ቀሚስ ልግዛልህ እንዴ?"

"ቀይ ይሁንልኝ አያ፣ በርበሬ ቢፈስበት እንዳይታወቅ።"

ሚስታቸው እማማ ሸዋአየሁ ከቤት ውስጥ ሲስቁ ተሰማ። እሳቸው አልሳቁም።

ማታ አባዬ ከመተማ ደወለ። ሰሊጥ ጭኖ መንገድ እስኪከፈት ይጠብቃል። ድምፁ ደክሟል።

"ልጆቹ በሉ?"

"በሉ።"

"አንተስ?"

"እኔማ ወጥ ቤት ነኝ፣ ስቀምስ ስቀምስ ጠገብኩ።"

አልሳቀም። ሁልጊዜ ይስቅ ነበር እኮ... ከዚያ ቶሎ ቶሎ ተናገረ። አክስትህ ምንዳዬ ለቡሄ ትመጣለች። ስትመለስ ልዕልትን ይዛት ትሄዳለች። እዚያው ታድግ። ለሁላችንም ይሻላል...

ለሁላችን? ለማን?

የነገው ሽሮ አረረ።

ሐምሌ 27

እትዬ ምንዳዬ የአባዬ ታላቅ እህት ናቸው፣ የኮላ ድባ ሰው። የልዕልት የክርስትና እናትም ናቸው። ከአምናው በቀር እንደ ወጉ በየዓመቱ ለቡሄ ሙልሙል ጋግረው ያመጡላታል። ረጅም፣ ወፍራም፣ ሸጋ ሙልሙል። ዘንድሮ ዳቦውን አስቀምጠው ልጅቱን ሊያነሱ! ምን ዓይነት ንግድ ነው?

ደወልኩላቸው።

"እናት የሌለችበት ቤት ለሴት ልጅ አይሆንም" አሉ። "ደግሞ ማን ሊያሳድጋት ነው? አንተ? አንተ መጀመሪያ ራስህን አሳድግ!"

"እያደግሁ ነው እትዬ። ሱሪዬ አጥሯል።"

"ይሄው! ይሄን ነው የምልህ። ቀልድ ልጅ አያሳድግም። አምና ቡሄ በራችሁን ዘግታችሁ፣ መብራት አጥፍታችሁ ተቀመጣችሁ አሉ። አገር ሰምቷል።"

ይቺ ወጋችኝ። እውነት ነዋ።

እማዬ አምና ሰኔ ላይ ሞተች። ነሐሴ ሲመጣ የሚሰጥ ሙልሙል አልነበረም። ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆች ዱላቸውን መሬት እየመቱ ሲቃረቡ መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሦስታችንም አልጋ ላይ፣ በጨለማ። ሐብተ ማርያም የክፍሉን ልጆች በድምፃቸው እየለየ ነበር። ከበሩ ደረሱ... "ሰው የለም፣ እንለፍ" ተባባሉ። አለፉ።

ዘንድሮ አያልፉም።

በሩ ይከፈታል። ሙልሙል ይወጣል። ጋጋሪው እኔ ነኝ። እትዬ ምንዳዬ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ያዩታል። ልዕልት የትም አትሄድም። በቃ!

ለመሆኑ ሙልሙል እንዴት ነው የሚጋገረው?

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ሐብተ ማርያም ሊቆርብ ነው፣ እስከ ቅዳሴ መውጫ እህል አይቀምስም። ልዕልትም "እኔም እጾማለሁ" ብላ ተነሳች። ረፋዱ ላይ መሶቡ ሥር አገኘኋት፣ ጉንጯ ተወጥሮ።

"ጾመኛ ነኝ" አለች።

"ከምን?"

"ከወተት!"

ነሐሴ 5

የመጀመሪያው ሙልሙል ወጣ። ሐብተ ማርያም አንዴ ነከሰና ጥርሱን በጣቱ ዳሰሰ፣ ቦታው ላይ መኖሩን ሊያጣራ።

አሁን ሙልሙሉ የማድ ቤቱ በር በንፋስ እንዳይዘጋ ይደግፋል። ሸጋ ይሠራል።

ጎረቤታችን ለይላ ከአጥሩ ወዲያ በኩል በሳቅ ሞተች። እስከ ዘጠነኛ ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ነበርን። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ እሷ ፒያሳ የአባቷ ሱቅ ገባች፣ እኔ ማድ ቤት ገባሁ። "ሊጡን ምን ያህል አቆየኸው?" አለችኝ።

"መቆየት አለበት እንዴ?"

መጀመሪያ ሳቋን መጨረስ ነበረባት።

ነሐሴ 8

ምን ልጻፍ? ያስቀኛል። አያስቅም ግን።

ስልኬ ላይ አንዲት ሴትዮ ዳቦ ስትጋግር አገኘሁ። እንደ ጥጥ የሚለሰልስ! የምትለውን አንድ በአንድ ተከተልኩ። ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨው፣ ይሄን አፍስስ፣ ያን ጨምር... ፒያሳ ወርጄ የጎደለውን ገዛሁ። ሊጡ አበጠ። ምጣዱ ላይ አጋድሜ አክምባሎ ደፋሁበት። ስከፍተው... እኔው ራሴ አላመንኩም። ዳቦ! በር የማይደግፍ ዳቦ!

ልዕልት ልትነካው ስትል "ሐብተ ማርያም ይምጣና አብረን" አልኳት። እንኳንም አልኳት።

እማማ ሸዋአየሁ ከቅዳሴ ሲመለሱ በራችን ላይ ያዝኳቸው። ነጠላቸው ገና እንደተጣፋ ነው፣ ሐብተ ማርያምም ከኋላቸው። ትኩሱን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። ቆርሰው ቀመሱ።

"አንተ ልጅ! እንዴት ይለሰልሳል! ምን አድርገህበት ነው?"

እኔ ጅሉ ደረቴን ነፋሁ። "ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨው ትንሽ፣ ከዚያ አንድ ላስቲክ ወተት..."

ማኘክ አቆሙ።

"ወተት?" አለ ሐብተ ማርያም። "ስማቸው! ፍልሰታ እኮ ነው!"

ልዕልት ከበሩ ላይ ሆና "እኔ ከወተት ጾመኛ ነኝ!" ብላ ጮኸች፣ እንዳይረሳ።

እማማ ሸዋአየሁ ተፉት። አያ በላቸው ሮጠው መጡ። "ሆን ብሎ ነው! ይሄ ልጅ ሆን ብሎ ነው!" ማን ያምነኛል? ባለፈው የስኳር ዕቃቸው ውስጥ ጨው የሞላሁት እኔ ነኝ። የአውራ ዶሯቸውን እግር ቀይ ቀለም የቀባሁትም እኔ ነኝ። እነዚያን ሳደርግ ማንም አልያዘኝም። ዛሬ ምንም ሳላስብ ተያዝኩ።

ነሐሴ 9

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ኮላ ድባ ገብቷል። እትዬ ምንዳዬ በጠዋት ደወሉ።

"ጾም አስፈታሃቸው አሉ!"

"ልጆቹ አልቀመሱም እትዬ፣ እኔ ረስቼ..."

"ፍልሰታ ይረሳል? የልጅቱን ልብስ በቦርሳ አዘጋጅ። ስመጣ መጠበቅ አልፈልግም።"

ዘጉት።

እማማ ሸዋአየሁ ዘንድ ሄድኩ። ፊታቸውን አዞሩ።

"ሆን ብለህ ነው?"

"እማማ፣ ሆን ብዬ ቢሆን አጥሩ ሥር ተደብቄ እስቅ አልነበር? ስስቅ አዩኝ?"

ትንሽ አሰቡ። "እሱስ... አመድ መስለህ ነበር።" ቀጥለውም፣ "የንስሐ አባቴ 'ሳታውቂ ነው፣ አይዞሽ' ብለውኛል። አንተን ግን አይዞህ አላሉህም።"

የወተቱ ዳቦ እነ ለይላ ቤት ገባ። እነሱ የሚጾሙበት ጊዜ ሌላ ነው። ወንድሞቿ ፍርፋሪውን ሳይቀር ጠረጉት። ለይላ ባዶውን ሰፌድ ስትመልስ፣ "ስህተትህ ይጣፍጣል" አለችኝ። "አሁን ወተቱን ተወውና ሊጡን አሳድረው። አንተ ችግርህ መቸኮል ነው።"

ሰው ሁሉ "እጅህን ከቡሃቃው አውጣ" ይለኛል። አላወጣም። ክርኔ ድረስ ነው የምከተው!

ነሐሴ 11

ቦርሳውን አላዘጋጀሁም። ሊጥ እያቦካሁ ነው። ውኃ ብቻ። ሐብተ ማርያም አጠገቤ ቆሞ እያንዳንዱን ዕቃ ያሸታል፣ ውኃውን ጭምር።

ጨውን ልዕልት ትጨምር አልኩ። እሷም ድርሻ ይኑራት።

ነሐሴ 13

ትናንትን ልጻፈው፣ ሳይበርድ።

ከጠዋት ጀምሬ ጋገርኩ። አንዳንዱ ተጣመመ፣ አንዱ ጫማ መሰለ፣ ግን ሁሉም ዳቦ ነው። ከሰዓት እትዬ ምንዳዬ ደረሱ፣ ሙልሙላቸውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው። ልዕልትን ሳሟት። ቤቱን በዓይናቸው ዞሩት። አልጋ ሥር አዩ። ድስት ከፍተው አሸተቱ። ምስር ነበር፣ አላረረም። ይሄኛው አላረረም!

"ቦርሳዋስ?"

"እትዬ፣ መጀመሪያ ቡሄ ይለፍ።"

"ቡሄ ያልፋል። እናንተ በር ላይ ማን ይቆማልና?"

ሲመሽ መብራት ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ ጨለመ። እኔ አይደለሁም ያጠፋሁት! ግን ከውጭ የሚያይ ምን ያውቃል? ልክ እንደ አምናው... የዱላ ድምፅ ከታች ይሰማል። ሐብተ ማርያም ከልጆቹ ጋር ወጥቷል። ልዕልት እጄን ያዘች። "ሊያልፉን ነው?" አለችኝ።

አምና ስንት ዓመቷ ነበር? እንዴት ታስታውሳለች?

ችቦውን አነሳሁ። ለደመራው ነበር ያሰርኩት፣ ግን ማን ይጠብቃል። ለኩሼ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ደፉ ላይ ቆምኩ። እሳቱ ጢስ እንጂ ብርሃን አልሰጥም ብሎ ዓይኔን አስለቀሰኝ፣ ቅንድቤንም ጠበሰው። "እዚህ ነው! ሰው አለ!" ብዬ ጮህኩ። "ሰው አለ!"

መጡ። ከፊት ሐብተ ማርያም፣ ዱላው ከቁመቱ ይበልጣል። ግጥሙን ሌላ ሰው እንደሰጠው አስመስሎ ወደ እኔ አያይም። እኔ ነኝ የሰጠሁት። እትዬ ምንዳዬን በቀን አንቱ ነው የምላቸው። በሆያ ሆዬ ግን ማንም አንቱ አይባልም፦

እትዬ ምንዳዬ፣ መጣሽ ልታይ ቤቴን፣
ሙልሙሉን ውሰጂ፣ ተይልኝ እህቴን!

ልጆቹ ተቀበሉት። ዱላው መሬቱን መታው። ደገሙት። አያ በላቸው ሳይቀሩ አጥሩ ላይ ናቸው። እትዬ ምንዳዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ተቆጡ? ሳቁ? በችቦ ብርሃን አይለይም።

"ማነው የገጠመው?" አሉ።

ሁሉም ወደ እኔ ጠቆሙ። ከዳተኞች!

ሙልሙሉን ለልጆቹ አደልኩ። ልዕልት ትቆጣጠራለች፣ "አንተ ወስደሃል፣ ሂድ!" እያለች። ለእትዬ ምንዳዬ አንዱን አቀበልኳቸው። ቆረሱ። አኘኩ። ረጅም ጊዜ አኘኩ።

"ጨው በዝቶበታል።"

"እኔ ነኝ የጨመርኩት!" አለች ልዕልት፣ እንደ ሽልማት።

እትዬ ምንዳዬ ቀሪውን በሉት።

ነሐሴ 14

ጠዋት "ቦርሳውን አምጡ" አሉ። አላዘጋጀሁም ልል አፌን ስከፍት ልዕልት ከአልጋ ሥር እየጎተተች አመጣችው። የእማዬን የድሮ ቦርሳ። እንዴት ከበደ!

እትዬ ምንዳዬ ከፈቱት። ከላይ አንድ ቀሚስ። ከሥሩ የሽሮ ድስት። ከዚያ ማማሰያ። ከዚያ የሐብተ ማርያም የሒሳብ መጽሐፍ። ከታች የእኔ ጫማ፣ የግራው ብቻ።

ቀና ብለው አዩኝ። "ያንተ ቀልድ ነው አይደል?"

አልነበረም። በእማዬ ስም፣ አላየሁትም። መናገር አቃተኝ። እኔ! መናገር!

"የቀኙን አላገኘሁትም" አለች ልዕልት። "በባዶ እግሩ ይመጣል?"

እትዬ ምንዳዬ ጫማውን ይዘው ቆዩ። ጭቃውን በአውራ ጣታቸው ፋቁለት። መሬት አስቀመጡት። ድስቱንም አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት።

"እስከ ጥምቀት አያለሁ" አሉ። "ከሳች ብቻ፣ መጥቼ እወስዳታለሁ። ሰማህ?"

"ሰማሁ እትዬ። ለጥምቀት ሚዛን ይዘው ይምጡ። ከወፈረች ትርፉን በሙልሙል እንመልስልዎታለን።"

"አፍህን!" አሉኝ። የቀሩትን ሙልሙሎቼን ግን በዚያው ነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ወሰዱ፣ ጫማ የሚመስለውንም ጭምር።

ጥምቀትም ይምጣ። ምን ያመጣል?

ነሐሴ 25

ዛሬም ሽሮ። ልዕልት "የማን ወንድም ነው?" ብላ ጠይቃ በላች።

አባዬ መንገድ ተከፍቶለት እሑድ ይገባል። "አክስትህ ደወለች" አለኝ። "እርሾው ስንት ሰዓት አደረ ብለህ ጠይቀው አለችኝ። የምን እርሾ ነው?" ሳቅሁ። እሱም ሳቀ፣ ምን እንደሚያስቅ ሳያውቅ። ከሳቀ ስንት ጊዜው...

እማማ ሸዋአየሁ ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት ጠዳ ሄደዋል። አመሻሽ ላይ የማድ ቤቱ በር በቀስታ ተንኳኳ። አያ በላቸው። ግራ ቀኝ አዩ፣ እንደ ሌባ። ጋቢያቸው ሥር ድስት አለ።

"ስማቸው..." በሹክሹክታ። "ሽሮ... መጀመሪያ ውኃው ነው ወይስ ሽንኩርቱ?"

ሳልስቅ! እግዜር ይመስክር፣ ሳልስቅ፣ ሰፈር እንዲሰማ አድርጌ፣ "ሽንኩርቱ ነው አያ በላቸው! ሽንኩርቱ! ቀሚሱን ቀይ ላድርግልዎ?"

"ቀስ በል አንተ ርጉም!"

አስገባኋቸው። ቢላ ሰጠኋቸው። ያ በር የሚደግፈው ሙልሙል እንዳለ ነው፣ በእግሬ ገፋ አድርጌ በሩን ወለል አልኩት። አጥር መደገፍ የፈለገ ዛሬ ይደገፍ።

ከትንሽ በኋላ የአያ እንባ ወረደ። በክንዳቸው ሊደብቁት ሲሞክሩ ልዕልት በርጩማዋን ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

"አይዞዎት" አለቻቸው። "እዚህ ቤት ማልቀስ ይቻላል። ሽንኩርቱ ነው እንላለን።"