የሰፊያ ቴሌግራም

ጥር 9 ቀን 1971
ዛሬ ቴሌግራፍ ቤት የመታሁት መልእክት ሁሉ የቡና ወሬ... "መኪናው ይርጋጨፌ ቆሟል"፣ "ጆንያ ላኩ"። ጣቴ ዛለ።

ጥር 14
ጓድ ዘነበ ቢሮ መጣ፤ የቀበሌያችን ሊቀመንበር።
"ለሰፊያ ከውጭ የሚመጣ ቴሌግራም መጀመሪያ እኔ ጋ ይድረስ።"
እትዬ ሰፊያ ገበያው ዳር ጨርቅ ትሸጣለች። ልጇ ነጅሙዲን ከአገር ካመለጠ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ሞቷል የሚሉም አሉ።
"የባለቤቱ ነው" አልኩት።
"ባለቤቱ አብዮቱ ነው!"
አቀርቅሬ መምታቴን ቀጠልኩ። ለምን አልተከራከርኩትም?

ጥር 15
ቴሌግራፍ ላስተማሩኝ ለጋሽ ገሪማ ነገርኳቸው። በጣሊያን ጊዜም ይኸው ነበር አሉኝ። ሽቦው እስከ ሮም ለእነሱ ትእዛዝ ነው የተዘረጋው፤ የእኛ ሰው መልእክት የጣሊያን መኮንን ሳያየው አያልፍም ነበር። መርዶ እንኳ። አንዷን እናት ጠርቶ የልጇን መርዶ እየሳቀ አነበበላት።
"ያን ቀን ሥራውን ጥዬ ወጣሁ።"
"ከዚያስ?"
"ከዚያማ ገረፉኝ።"

ጥር 20
መጣ! ከጅዳ፣ በአዲስ አበባ በኩል። "ደህና ነኝ እማ። ሥራ ይዣለሁ። ነጅሙ።"
ነጠላዬን አነሳሁ፤ በቀጥታ ገበያ። እትዬ ሰፊያ ማንበብ አትችልም፤ አነበብኩላት።
"ድገሚልኝ፣ አልጣሽዬ።"
ደገምኩላት። ጨርቁ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።
ፈራሁ? አዎ። ግን እንዲህ ቀጥ ብዬ የሄድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

መጋቢት 2
ቴሌግራሙን ለእትዬ ሰፊያ በመስጠቴ አስረውኝ ነበር፤ ትናንት ፈቱኝ። እስር ቤት መጻፍ የት አለ...
ዘነበ "ጥፋትሽን አምነሽ ፈርሚ" ይለኝ ነበር።
"ጥፋቴ የቱ ነው?"
በጥፊ መታኝ። መልሶ ጠየቀኝ። መልሼ ጠየቅኩት። አልፈረምኩም።

መጋቢት 6
ወደ ቢሮ ስመለስ መጥረጊያ ሰጡኝ። ወንበሬ ላይ ከጨለለቅቱ የመጣ ጴጥሮስ የሚባል ቴሌግራፈኛ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አያየኝም። ማን ይፈርድበታል?

መጋቢት 19
ወለሉን ስጠርግ ዘነበ ገባ።
"ለሰፊያ ከጅዳ ሌላ ቴሌግራም መጥቷል አሉ። አምጣ።"
ጴጥሮስ ብድግ አለ። "ጠዋት ሰጥቻታለሁ፣ ጓድ።"
"በማን ፈቃድ?"
"ስሟ አለበት።"
ዘነበ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ነሽ ያስተማርሽው!"
"አነጋግሮኝም አያውቅም" አልኩ። እውነቴን ነው።
በሩን ወርውሮ ወጣ። ጴጥሮስ ቀና ብሎ አየኝ።
"አሁን ምን ያደርጉኛል?"
"ይጠሩሃል። ሹራብ ደርብ፤ የእስር ቤቱ ወለል ሲሚንቶ ነው።"
ሹራቡን ከሚስማሩ አውርዶ ለበሰ። ተመልሶ ተቀመጠና መምታት ጀመረ።