በስልክ ደህና የተባለችው ጥሩዬ

ሰኞ

አለቃዬ ስሜን ሰርዞታል። በጥናቱ ረቂቅ ላይ ከእሱ ቀጥሎ የተጻፍሁት እኔ ነበርሁ፤ ጓደኛዬ ዛሬ በላከልኝ ቅጂ ላይ የለሁም።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ታካሚዎቹ አከርካሪያቸውን ቲቢ በልቶት በዘንግና በብሎን የጠገንናቸው ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ እንዴት እንደሆኑ የጠየቅነው በስልክ ነው። ረቂቁ ግን «መርምረናቸዋል» ይላል። ይህ እውነት አይደለም ብዬ ለምርምር ኮሚቴው ደብዳቤ ጻፍሁ። በማግስቱ ከቀዶ ሕክምና ተራ ወጣሁ። «ደክሞሻል፣ እረፍት ውጪ» አለኝ አለቃዬ።

አልደከመኝም። ወረታ፣ እናቴ ቤት ነኝ። ከታካሚዎቹ ስድስቱ የፎገራ ሰዎች ናቸው። ሄጄ በዓይኔ አያቸዋለሁ።

ማክሰኞ

ሁለቱን አገኘሁ። አንደኛው ወረታ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ይሸጣል። እስቲ ጎንበስ በል ስለው «ሰው እያየኝ?» ብሎ ሳቀብኝ፤ ግን ጎነበሰ። ሁለተኛዋ ሐሙሲት ከተማ አግብታ ልጅ ይዛለች። ደስ አለኝ። ትንሽ ደግሞ ተናደድሁ፤ አለቃዬ ትክክል እንዲሆን አልፈለግሁም።

ረቡዕ

ጥሩዬ። በስልክ ስንጠይቅ የሞላነው ቅጽ «ያለ ድጋፍ ትሄዳለች» ይላል።

ባጃጁ ጭቃው ሲበዛበት አወረደኝ፤ በሩዝ ማሳዎቹ መካከል በእግሬ ገባሁ። ጥሩዬ መደብ ላይ ተኝታለች። ከፋሲካ ወዲህ አልቆመችም። የድሮው ስፌት ተከፍቶ መግል ያወጣል። የእግሮቿን አቅም ለካሁ፤ ዜሮ ፈጽሞ አይንቀሳቀስም፣ አምስት ሙሉ ጤና ነው። ቀኙ ከአምስት ሦስት። ግራው ሁለት።

ባሏን፣ አያ ምናለን፣ ተቆጣኋቸው። ሲደወልልዎ ለምን አልተናገሩም?

«የደወልሽው አንቺ ነሽ እኮ» አሉኝ። «ድምፅሽን አልረሳሁትም። ጥሩዬ እንዴት ናት አልሽኝ፤ ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልሁሽ። ታዲያ ሰው ከሩቅ ደውሎ ደህና ናችሁ ወይ ሲል በሽታ ይዘረዘርለታል?»

እናቴ ቤት ገብቼ ስልኬ ላይ የቅጹን ፎቶ አየሁ። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። እሳቸው «ትሄዳለች» አላሉም። «ደህና» ያሉትን ወደ «ያለ ድጋፍ ትሄዳለች» የቀየርሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ከሰዓት ለብዙ ሰው ደውዬ ነበር። ርቦኝም ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሐሙስ

ዘንጉ ሳይላቀቅ አልቀረም፤ መግሉም ኅብለ ሰረሰሯን እየተጫነው ነው። በዚህ አካባቢ ይህን ቀዶ ሕክምና የሚሠራው አንድ ሰው ነው። አለቃዬ። እኔ ከጎኑ ቆሜ አግዤዋለሁ እንጂ ብቻዬን አልሠራሁም፤ አልችልምም።

ደወልሁ። በደንብ ሰማኝ። መጠየቅ ያለበትን ሁሉ ጠየቀ፤ ሽንቷን ትቆጣጠራለች? ትኩሳት አላት? ከዚያ «አልጋ አለ» አለ። «ግን ከከሰሰኝ ሰው ታካሚ አልቀበልም። ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር ሌላ ደብዳቤ ነው። ያንን ደብዳቤ መልሰሽ ውሰጂና አምጫት።»

አዲስ አበባ ላሉ ሁለት የቀዶ ሐኪም ጓደኞቼ ደወልሁ። ሁለቱም ወራት መጠበቅ አለባት አሉ። ወራት የላትም። ቀናትም ያላት አይመስለኝም።

ዓርብ

ቀኝ ሁለት። ግራ አንድ።

ለባልና ሚስቱ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ቅጹን የሞላሁት እኔ መሆኔንም። አያ ምናለ መሬት መሬት አዩ። ጥሩዬ ግን ጠየቀችኝ።

«ደብዳቤው ምን ይላል?»

«መርምረናቸዋል ያልናቸውን አላየናቸውም ይላል።»

«አላያችሁንማ።»

«አዎ።»

«እኛ በማሳ ድንበር ነው የምንጣላው። እናንተ ደግሞ በወረቀት ናችሁ።» ወደ እግሯ አየች። «እኔ አንቺን ብሆን ደብዳቤውን መልሼ አልወስድም ነበር። ግን የተኛሁት እኔ ነኝ።»

በመንገድ ላይ ጮክ ብዬ ተሳደብሁ፤ አንድ ከብት የሚያግድ ሽማግሌ «ምነው ልጄ፣ ማን ነካሽ?» አሉኝ።

ቅዳሜ

ደብዳቤውን መልሼ ወሰድሁ። ለኮሚቴው የጻፍሁት አንድ መስመር ነው፤ «ያቀረብሁትን አቤቱታ ትቻለሁ።» ተሳስቻለሁ አላልሁም። አለቃዬም እንድል አልጠየቀኝም። አልጋ ቁጥር ብቻ ላከልኝ።

ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው አወጧት። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። ቀና አታድርጓት፣ አታጣሟት እያልሁ ጮህሁባቸው። አንዱ «ዶክተር፣ እንቁላል ነው እንዴ የተሸከምነው?» አለኝ። «ከእንቁላል ይብሳል» አልሁት። ከዚያ በኋላ አልቀለደም፤ መሬቱን እየፈተነ ይረግጥ ጀመር።

አስፋልቱ ላይ አምቡላንስ ጠበቀን። ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ተኛች። ቀኝ ሁለት። ግራ ዜሮ።

እሑድ

ጠዋት ቀዶ ክፍል ገባች። እኔን አላስገቡኝም። ከአያ ምናለ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ስለ ሩዙ አረም አወሩልኝ። ስንት ሰው ደቦ እንደጠሩ፣ ማን እንደቀረ። አዳመጥሁ፤ ምንም አልሰማሁም።

አለቃዬ ሲወጣ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። «መግሉን አጽድቻለሁ፤ ዘንጉንም ቀይሬዋለሁ። ግን ቆይቷል» አለኝ። ስለ ደብዳቤው አላነሣም። በደንብ እንደሠራው አውቃለሁ። የሚያበግነኝም ይኸው ነው። ክፉ ሐኪም ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ከሰዓት ነቃች። የቀኝ እግሯ አውራ ጣት ተንቀሳቀሰ። የግራው ዝም አለ።

«ትሄዳለች?» አሉኝ አያ ምናለ።

«አላውቅም።»

«አንቺ ካላወቅሽ ማን ያውቃል?»

ብርድ ልብሱን ገልጬ ጥሩዬን «የግራውን አንዴ ሞክሪልኝ» አልኋት። ዓይኗን ጨፍና ሞከረች። አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። እኔም አያ ምናለም አጎንብሰን ጣቷን ስናይ ቆየን።

ዜሮ ብዬ ጻፍሁ። ነገ ጠዋት እንደገና አያታለሁ።