የፉርሽካ እርሾ

ናዝሬት፣ ግንቦት 1970 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ብዙነህ፣

የሶፊያ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኔ፣ ናፍቆትህ ቤቱን ካሰፋብኝ በቀር፣ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ።

በዱቄት ፋብሪካው ላቦራቶሪ ለከብት የሚሄደውን ፉርሽካ ቀቅዬ፣ ሲበርድ ብቅል ጨምሬ፣ በውሃው እርሾ እያሳደግኩ ነው። ከአንድ ኪሎ ፉርሽካ ሰማንያ ግራም ደረቅ እርሾ አገኘሁ። አለቃዬ አቶ ገብረወልድ «ሚዛኑ መቶ ይላል፤ መቶ ብለሽ ጻፊ» ቢሉኝም እምቢ አልኩ። መጀመሪያ የጨመርኩት ሃያ ግራም እርሾ መቀነስ አለበታ!

በዚሁ እርሾ ለአባባ ዳቦ እጋግራለሁ። መጋቢት ላይ ከጸሎት ቤት ከተወሰዱ ጀምሮ በየጠዋቱ እስር ቤቱ በር ድረስ አደርስላቸዋለሁ፤ ሳህኑም ሁልጊዜ ባዶውን ይመለስልኝ ነበር። ዛሬ ሐሙስ ግን ጠባቂው ዳቦውን ከነሳህኑ መለሰልኝና «ሁለተኛ እንዳታመጪ» አለኝ።

ቤት ስገባ በልማዴ መዘንኩት፤ አንድ ግራም አልጎደለም። እርሾው ኮምጥጦባቸው ይሆናል ብዬ ቀመስኩት፤ ደህና ነው። ቢሆንም ለነገው እርሾ ቀነስ አድርጌ አቡክቻለሁ።

ደብዳቤ የምዘጋው በአባባ ምርቃት እንደሆነ ታውቃለህ። ለዛሬ የእኔን ሰላምታ ብቻ ተቀበል።

እህትህ የሺዓለም