ውኃውን ያጠኑት፣ ጥናታቸው የተሰረዘባቸው የአቶ አንለይ ቢሻው የሕይወት ታሪክ

እናንት ከቁሐር፣ ከወረታና ከይፋግ የመጣችሁ ለቀስተኞች፣ እኒህን ሰው ዛሬ ማን ብላችሁ ልትቀብሯቸው ነው የወጣችሁት? ጥናቱን አጥፍቶ መንደራችንን ለጎርፍ የሰጠ ሰው ብላችሁ ከሆነ፣ ይህ ጽሑፍ ተነብቦ እስኪያልቅ ታገሡ። የለም፣ እውነቱን እናውቃለን የምትሉ ከሆነ ደግሞ፣ እስከ ዛሬ ዝም ያላችሁበትን ምክንያት እያሰባችሁ ስሙ።

አቶ አንለይ ቢሻው ከአባታቸው ከመሪጌታ ቢሻው ኃይለ ሚካኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሐና ደሴ በ1944 ዓ.ም. በፎገራ፣ ቁሐር ሚካኤል ተወለዱ። አባታቸው የደብሩ መሪጌታና ብራና ጸሐፊ ነበሩ። አቶ አንለይ ፊደልና ዳዊት ከአባታቸው ዘንድ፣ ዜማ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ በጣራ ገዳም ተምረዋል። መሪጌታ ሲጽፉ የተሳሳቱ እንደሆነ ፊደሉን በሰንጢ ፍቀው በላዩ ይጽፉ ነበር። ልጃቸው የተፋቀውን ብራና ወደ ፀሐይ አንሥተው፣ ከሥር የቀረውን የቀለም ጥላ ማንበብ ይወዱ ነበር። አባታቸው «አንተ ልጅ፣ የተፋቀውን ተውና የተጻፈውን አንብብ» እያሉ ይቆጧቸው እንደነበር እናታቸው ሲያጫውቱን ኖረዋል።

ዘመናዊ ትምህርታቸውን በወረታ ጀምረው ሁለተኛ ደረጃን በደብረ ታቦር ጨረሱ። ከዚያም በባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተምረው፣ በእድገት በኅብረት ዘመቻም ዘምተው፣ በ1969 ዓ.ም. የወንዝ ውኃ ለኪ ሆነው ሥራ ጀመሩ። የርብንና የጉማራን ሙላት ክረምት ከክረምት ሲለኩ ኖረዋል። በ1970 ዓ.ም. የይፋግ ተወላጅ የሆኑትን ወይዘሮ ገላነሽ ማረውን በቁርባን አግብተው፣ ንግሥቲና ያየህ የሚባሉ ልጆች ወልደዋል።

በ1978 ዓ.ም. የሜዳውን ውኃ የሚያጠናው የወረታ ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ተሰጠው። አቶ አንለይም አዲስ አበባ ሄደው አሠራሩን ተምረው ተመለሱ። አብዛኞቻችሁ ማሽኑን ስላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። የሚጻፈው ነገር የሚቀመጠው ዲስክ በሚባል፣ ከመዳፍ ትንሽ በሚሰፋ ስስ ነገር ላይ ነው። በዲስኩ ላይ የተቀመጠው እያንዳንዱ ጽሑፍ ፋይል ይባላል። ያ ማሽን የራሱ ሰዓት ስላልነበረው በተነሣ ቁጥር «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የነገሩትን ቀን በእያንዳንዱ ፋይል ላይ ይጽፋል። ሳይነግሩት ያለፉት እንደሆነ ግን ከፋብሪካው ይዞት የመጣውን ቀን ይጽፋል፤ እርሱም በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 1972 ዓ.ም. ነው። አቶ አንለይ ቀኑን ሳይነግሩ አንድም ጊዜ አልፈውት አያውቁም። ይህን አደራ በልባችሁ ያዙት።

በዚያው ዓመት ገበሬውን ወደ አዲስ መንደር የማሰባሰቡ ነገር ወደ ፎገራ ደረሰ። ቦታ የሚመርጠውን ኮሚቴ የሚመሩት ያኔ ጓድ፣ ካለፈው መጋቢት ወዲህ ደግሞ አቶ መባልን የመረጡት ሸዋዓለም ነበሩ። አቶ አንለይ የቦታውን ውኃ እንዲያጠኑ ታዘዙ። የቁሐር ሽማግሌዎች በክፉ ክረምት ውኃው የደረሰበትን በቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ላይ በመጥረቢያ ምልክት ሲያደርጉ ኖረዋልና፣ እሳቸውም ከእነዚያ ምልክቶች ተነሥተው ሜዳውን ለኩ። የደረሱበትም ግልጽ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ደልዳላ ክፉ ክረምት በመጣ ጊዜ ከሰው ቁመት በላይ ውኃ ይተኛበታል፤ መንደሩ ወደ ላይ ወደ ጉብታው ይውጣ የሚል ነው። ጥናቱን በኮምፒዩተሩ፣ በእንግሊዝኛ ጻፉት። የማተሚያው ቀለም አልቆ ከአዲስ አበባ ይጠበቅ ስለነበር በወረቀት አልወጣም።

ኮሚቴው የፈለገው ግን ደልዳላውን ነበር። ለምን? ጎጆዎቹ በቀጥታ መስመር ተደርድረው፣ ለጉብኝት የሚመጣ ባለሥልጣን ከመኪናው ሳይወርድ እንዲያያቸው ነዋ።

በሚያዝያ 1979 ዓ.ም. መሪጌታ ቢሻው ዐረፉ። አቶ አንለይ ለቅሶ ሊቀመጡ ወደ ቁሐር ሲሄዱ የቢሮውን ቁልፍ ለጓድ ሸዋዓለም አስረከቡ። ጓድ ሸዋዓለም ለበዓላት የሚያደርጉትን ንግግር በዚያው ማሽን መጻፍ ለምደው ነበርና። አቶ አንለይ ከለቅሶ ሲመለሱ ጥናቱ ከዲስኩ ተሰርዟል፤ የመስክ ማስታወሻቸውም ከመሳቢያው የለም። ያንን ዲስክ ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ውስጥ ያስገባው የለም። ከሁለቱ አንዱ ቢጠፋ አጋጣሚ ነው እል ነበር። በስብሰባ ላይ ቆመው «ቦታው ይሰምጣል» ሲሉ ጓድ ሸዋዓለም «ጥናቱ የታለ?» አሏቸው። «ጠፍቷል፤ እንደገና እስክለካ ጊዜ ስጡኝ።» «የሌለ ጥናት ነው እንዴ የሚከለክለን?» ቤቱ ሳቀ። ከሳቁት መካከል ዛሬ እዚህ የቆማችሁ አላችሁ።

በግንቦት ሕዝቡ ጎጆውን እያፈረሰ ወደ ደልዳላው ወረደ። በነሐሴ ርብ ሞላ። ከብቱ በየጋጣው እንደታሰረ ሰጠመ። እማሆይ ደብሬ ከነመቋሚያቸው ተወሰዱ። የዚያን ጊዜ የሚጠየቅ ሰው ተፈለገ፤ ኮሚቴውም «ጥናቱን ሆን ብሎ ያጠፋው አንለይ ነው፤ አሻጥር ነው» አለ። በመስከረም 1980 ዓ.ም. ታሰሩ። ጥናቱ የተሰረዘበት ዲስክም የወንጀላቸው ማስረጃ ነው ተብሎ በፖስታ ታሸገ፤ ቀይ ሰም ፈሰሰበት፤ የኮሚቴው ማኅተም ተመታበት። የኮሚቴው ጸሐፊ ማኅተሙን በዲስኩ በራሱ ላይ ሊያሳርፉት ሲሉ አቶ አንለይ፣ ምቱ ዲስኩን እንዳያበላሸው፣ እጃቸው እንደታሰረ፣ «ፖስታው ይበቃዋል፣ ጓድ» ብለው ለመኗቸው።

የቁሐር ሰው ያመነው ማንን ነበር? ወይዘሮ ወለተ ሐና ልጃቸው በእስር ሳሉ በኅዳር ዐረፉ። ተወልደው፣ ተድረው፣ ሲያስታምሙና ሲቀብሩ በኖሩበት አገር ቃሬዛቸውን የሚያነሣ ሰው ጠፋ። የተሸከሟቸው ከይፋግ የመጡ የምራታቸው ዘመዶች ናቸው። ንግሥቲን በትምህርት ቤትም በመንገድም «የጎርፉ ልጅ» ይሏታል፤ እስከዚህ ሳምንት ድረስ። አቶ አንለይ እስሩን አልፈውታል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ግን ሳያልፏቸው ሞቱ።

በሰኔ 1980 ዓ.ም. ማስረጃ አልተሟላም ተብለው ተፈቱ። ይቅርታ የጠየቃቸው የለም። ከማሽኑ ተነሥተው የመጋዘን ጠባቂ ተደረጉ። ክሱ ሲዘጋ የታሸገው ዲስክ ወደዚያው መጋዘን ተመለሰ። እንዲህ ሆኖ የገዛ ስማቸው የታሸገበትን ፖስታ ራሳቸው ሲጠብቁ ከረሙ። ሰሙን አልነኩትም።

በጥር 1981 ዓ.ም. ወልደ ሥላሴ የሚባሉ ባለሙያ ማሽኑን ሊጠግኑ ከአዲስ አበባ መጡ። በቦርሳቸውም የተሰረዘ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ይዘው ነበር። ለአቶ አንለይ የነገሯቸው ይህን ነው፦ ማሽኑ አንድን ፋይል ሲሰርዝ ከስሙ የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ ያጠፋና ቦታውን ክፍት ነው ይላል። ጽሑፉ ግን ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ተኝቷል። «ከተሰረዘ ወዲህ ምንም ካልተጻፈበት ይመለሳል፤ ግን ዲስኩን ስንት ሰው ተጠቅሞበት ይሆን?» ሲሏቸው አቶ አንለይ ወደ መጋዘኑ ገብተው ፖስታውን አመጡ። አሻጥረኛ ብለው ያሸጉባቸው ሰዎች፣ ለማኅተም ካላቸው ፍቅር የተነሣ፣ ጥናቱን አንድ ፊደል እንኳ እንዳይነካው አድርገው አቆይተውላቸዋል።

አቶ አንለይ ግን ፖስታውን ብቻቸውን አልከፈቱም። የቁሐር ሚካኤሉን ቄስ አበረን ጠሩ። የገበሬ ማኅበሩን ሊቀ መንበር አቶ አያልነህንም ጠሩ፤ አቶ አያልነህ በሬዎቻቸው የሰጠሙባቸው፣ አቶ አንለይን በመንገድ ሲያዩ ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰው ነበሩ። ጓድ ሸዋዓለምንም አስጠሩ፤ ስብሰባ አለብኝ ብለው ላኩ። በጠራራ ፀሐይ፣ በሩ ተከፍቶ፣ አቶ አያልነህ ሰሙን ገልብጠው አዩና «ደኅና ነው፤ አልተነካም» ብለው በገዛ እጃቸው ሰበሩት።

ፕሮግራሙ የጎደለችውን የመጀመሪያ ፊደል ጠየቀ፤ አቶ አንለይ ነገሩት። ጥናቱ ተመለሰ። እያነበቡ በአማርኛ ሲያስረዷቸው መካከል ላይ ደርሰው አንዱን መስመር ደግመው አነበቡት። «ከሰው ቁመት በላይ» ብለው የጻፉት «ከጉልበት በታች» ሆኗል። ሽማግሌዎቹ የነገሯቸውና ከዋርካው የለኩት ግን ከሥሩ እንዳለ ነው፤ ውኃውን ዝቅ ያደረገው ሰው የቀረውን ማስማማት አቅቶት ሁሉንም ሰርዞታል ማለት ነው። አቶ አያልነህ «ውኃውን እንዲህ ዝቅ ማድረግ የሚችል ሰው ካለ፣ ምነው ለርብም በነገረልን» አሉ።

ከዚያ ባለሙያው ቀኑን አዩት። ጥናቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተነካው ታኅሣሥ 22 ቀን 1972 ዓ.ም. ነው ይላል።

ቄስ አበረ «በደቅስዮስ፣ በእመቤታችን በዓል ዕለት ሥራ? ደግሞስ ያኔ እንኳን ማሽኑ፣ የቢሮው መሠረት መቼ ተቆፈረና?» አሉ።

ባለሙያው ማሽኑ ቀን ሳይነገረው ሲቀር የሚያደርገውን ነገሯቸው። በመደርደሪያው ላይ የጓድ ሸዋዓለም የንግግሮች ዲስክ ነበር፤ አስገብተው ዝርዝሩን አወጡት። የመስከረም ሁለቱ የአብዮት በዓልም፣ የሚያዝያ ሃያ ሦስቱ የላብ አደሮች ቀንም፣ የሴቶች ቀኑም፣ የመንደሩ ምረቃም፣ ሁሉም ታኅሣሥ 22 ቀን 1972 ዓ.ም. የተጻፉ ናቸው። «አቤት ትጋት፣ ይህን ሁሉ ንግግር በአንድ ቀን» አሉ አቶ አያልነህ። የአቶ አንለይ ሥራዎች በሙሉ ግን በየቀናቸው ነበሩ።

ባለሙያው «እንግዲህ ታወቀ» ሲሉ አቶ አንለይ ከለከሏቸው። «ማሽኑ የተናገረው ቀን ነው፤ ሰው አልጠራም። ቀን ሳይነግር የሚያልፍ ሌላ ሰውም ይኖር ይሆናል። ሰው በአፉ ይናገር» አሉ። እሳቸው እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ። እኔ ታናሽ እህታቸው ግን እንዲህ አይደለሁም፤ ጥርጣሬዬን ሸፍኜ ወንድሜን አልቀብርም።

በአገሩ ልማድ በደል ሲፈጸምና አድራጊው ሲሰወር ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን በየተራ የሚያወጣበት አውጫጭኝ አለ። አቶ አንለይ ያ ይደረግልኝ ብለው ለኮሚቴው አመለከቱ። መልሱ «ልማዱ ኋላ ቀር ነው፤ ከማሽን የወጣውንም ራሱ ጽፎት ሊሆን ይችላል» የሚል ነበር። ራሳቸው? መቼ? በእናንተ ሰም፣ በእናንተ ማኅተም ሥር፣ በእናንተ እስር ቤት ሆነው? ሰሙን የሰበሩት አቶ አያልነህ ያዩትን ለጎረቤት ተናግረዋል፤ ግን በጆሮ። ቄስ አበረም ለንስሐ ልጆቻቸው ነግረዋል፤ ግን በቤት። በጆሮና በቤት የተነገረ ነገር የአንድን ሰው ስም ከአደባባይ አያነሣም።

ባለፈው መጋቢት ገበሬው ወደፈለገበት ይመለስ ተብሎ መንደሩ ሲፈርስ ሁላችሁም ማገራችሁን ተሸክማችሁ ወደ ጉብታው ወጣችሁ። አቶ አንለይ ውጡ ያሏችሁ ወደዚያው ነበር። አቶ ሸዋዓለምም «ያለፈው አልፏል፤ እንርሳው» አሉ። መርሳት የሚያምረው ለማን ነው?

አቶ አንለይ በእስር ሳሉ የጀመራቸው የጉበት ሕመም በዚህ ዓመት ጠናባቸው። በወረታና በባሕር ዳር ሲታከሙ ቆይተው፣ ሐምሌ 9 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በሠላሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ገላነሽ ማረውን፣ ልጆቻቸውን ንግሥቲንና ያየህን፣ ታናሽ እህታቸውን መምህርት ጸሐይነሽ ቢሻውን ትተው ሄደዋል። በእናታቸው አጠገብ እንዲቀበሩ በተናዘዙት መሠረት ዛሬ እዚህ ያርፋሉ። የተፋቀውን የሚያነብ፣ የተሰወረውን የሚያውቅ አምላክ ስማቸውን በማይሰረዝበት ቦታ ይጻፍላቸው፤ ነፍሳቸውን ከአባታቸውና ከእናታቸው ጋር ያሳርፍልን።

አቶ ሸዋዓለም፣ ከዋርካው ሥር፣ ከመጥረቢያ ምልክቶቹ በታች ተቀምጠው ይህን ሲሰሙ አያለሁ። የቀብር ዕለት ሰው አይሟገትምና ዛሬ አልጠይቅዎትም። በአርባው፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ይህ ሕዝብ በዚሁ ዋርካ ሥር ይሰበሰባል። አቶ አያልነህ ያዩትን ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ ቄስ አበረም እንዲሁ። ከዚያ ተራው የእርስዎ ነው። በንግሥቲና በያየህ ፊት፣ ቁመው ይመልሱ፦ መሪጌታ ቢሻው በሞቱበት ሳምንት ቁልፉ በእጅዎ ሳለ፣ ያንን ማሽን ቀኑን ሳይነግር ያስነሣው ማን ነው?